ኤፒክ ፊልም በምን ይታወቃል?

አንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ከፈጀ፥ ፈረስና ጦር ከበዛበት፥ ሙዚቃውም ጆሮ የሚያደነቁር ከሆነ፥ አብዛኞቻችን «ይህስ ኤፒክ ነው» ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለን። እንዲህ ያለው ፍርድ ፊልምን እንደ እህል በኩንታል መመዘን ነው፤ ክብደቱ ይታወቃል፥ ፍሬ ይሁን ገለባ ግን አይታወቅም። የዚህች አጭር ጥናት ዓላማ የተሻለ ሚዛን መፈለግ ነው። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን ነገ ካሜራ የሚይዙ አሉና። ስለ አድዋ ታላቅ ፊልም ይሠራ የሚለው ምኞትም በየክርክራችን ይነሣል። ኤፒክ የሚያሰኘው ገንዘብና ሠራዊት ነው ብለን ካመንን፥ ወይ ገንዘቡ እስኪገኝ ቁጭ ብለን እንቀራለን፥ ወይ ገንዘቡ ሲገኝ ብዙ ሕዝብ ሜዳ ላይ አሯሩጠን እንመለሳለን። (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፥ የአገራችንን ታሪክ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

«ኤፒክ» የሚለው ቃል የመጣው «ኤፖስ» ከሚባለው የግሪክ ቃል ሲሆን፥ ትርጉሙ ቃል ወይም ትረካ ማለት ነው። ስለ ብዛትም ሆነ ስለ ግዝፈት የሚናገረው ነገር የለም። ሆሜር በኢሊያድ ውስጥ የአሥር ዓመቱን የትሮይ ጦርነት በሙሉ አልተረከም፤ የአንድን ጀግና ቁጣና ቁጣው ያስከተለውን ጥፋት በጥቂት ሳምንታት ወስኖ ነገረን፤ የደመደመውም በድል በዓል ሳይሆን በጠላት ወገን ልጅ ቀብር ነው። በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ገድል» ይመስለኛል። ግእዙ «ተጋደለ» ይላል፤ ይኸውም ታገለ፥ ተፋለመ ማለት ነው። ገድል የሚጻፍለት ጻድቅ በሠራዊቱ ብዛት አይደለም የሚታወቀው፤ በታገለው ትግልና በተቀበለው መከራ ነው እንጂ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ኤፒክ ፊልም ማለት የአንድ ሕዝብ ዕጣ በጥቂት ሰዎች ሥራ ላይ ሲወድቅ፥ ያ ሥራ ምን ዋጋ እንዳስከፈለና ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ሳይደብቅና ሳይቸኩል የሚያሳይ ፊልም ነው። ስፋቱም ርዝመቱም የሚያስፈልገው ለዚህ ሒሳብ ነው።

በ1963 የወጣውን «ክሊዮፓትራ»ን እንውሰድ። ከአራት ሰዓት በላይ ሆኖ ተመረቀ፤ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፤ ያሠራውን ኩባንያም ለኪሳራ አፋፍ አደረሰው። ንግሥቲቱ ሮም ስትገባ የሚታየው ሰልፍ ዓይን ያጠግባል። ነገር ግን ከሰልፈኞቹ መካከል ንግሥቲቱ ብትወድቅ እንጀራው የሚቋረጥበትን አንድ ሰው እንኳ አናውቅም። ዋጋውን የከፈለው ኩባንያው ነው። በ1959 የተሠራው «ቤን ሐር» ከዚህ ይሻላል፤ ስለ ሠረገላው ሽቅድምድም ሁሉም ሰው ስለሚያወራ አልደግመውም፤ ከሽቅድምድሙ በኋላ ያለውን ግን ልብ በሉ። ተሸናፊው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለአሸናፊው እናቱና እኅቱ በለምጽ ተይዘው በሕይወት እንዳሉ ይነግረዋል። ድሉ በዚያች ደቂቃ አፉ ውስጥ ይመራል። ፊልሙን ያቆመው ይህ እንጂ የፈረሶቹ ሩጫ አይደለም።

የዚህ ሁሉ አብነት ሆኖ የማገኘው ግን የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 የሠራው «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ታሪኩ በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ይፈጸማል። አርባ ሽፍቶች አንዲትን መንደር ገብሱ ሲደርስ ሊዘርፏት ይዶልታሉ። ገበሬዎቹ ሽማግሌያቸውን ሲያማክሩ፥ ሳሙራይ ቅጠሩ፥ ደመወዝ ስለሌላችሁም የተራበ ሳሙራይ ፈልጉ ይላቸዋል። ሰባት ሰዎች ይገኛሉ፤ ክፍያቸው ምግብ ብቻ ነው። አርባ ሽፍታ፥ ሰባት ባለ ጎራዴ፥ አንዲት መንደር፤ በ«ክሊዮፓትራ» የሰልፍ ቁጥር ቢለካ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ቢሆንም ፊልሙ ሦስት ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድም ደቂቃ ትርፍ አይደለም።

በዚህ ሰዓት ውስጥ ምን ይሠራል? ይቈጥራል። ገበሬዎቹ ሩዙን ለሳሙራዮቹ እየሰጡ እነሱ ከሩዝ ያነሰ እህል እንደሚበሉ ያሳየናል፤ አለቃው ካምቤይም ይህን ሲሰማ የተሰጠውን ምግብ ያየው እንደ ዕዳ ነው። ከዚያ የመንደሪቱ ካርታ ይሣላል። ኮረብታው በየት፥ ወንዙና ድልድዩ በየት እንደሆነ እኛም ከእነሱ ጋር እናጠናለን፤ በመጨረሻው ውጊያ ዝናብና ጭቃ ሁሉን ሲያደባልቀው የማንጠፋው ስለዚህ ነው። ሽፍታ በሞተ ቁጥር በወረቀት ላይ የተሣለችው ክብ ትሰረዛለች። በስንት የጦርነት ፊልም ነው ተመልካች ስንት ጠላት እንደቀረ የሚያውቀው?

ከሁሉ የሚከብደው የሦስቱ ቤቶች ነገር ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሦስት ቤቶች መከላከል ስለማይቻል ይለቀቁ ተብሎ ይወሰናል። ባለቤቶቹ፥ ለሌላው ቤት ስንል የራሳችንን ለምን እንተዋለን ብለው ጦራቸውን ጥለው ሊሄዱ ይነሣሉ። እስከዚያ ድረስ ደግና ዝግተኛ ሆኖ ያየነው ካምቤይ ጎራዴውን መዝዞ እያሳደደ ወደ ሰልፉ ይመልሳቸዋል። ሃያ ቤት ለማዳን ሦስት ቤት ይቃጠላል፤ ትክክል ነው፥ ግን ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው ትክክልነቱ አያጽናናውም። ፊልሙ የሁለቱንም ፊት ያሳየናል። ይህ ቦታ በአገር ስም መሥዋዕትነት ስለሚጠይቅ ማንኛውም መንግሥት ሊጠና የሚገባው ነው እላለሁ።

ሌላም አለ። ገበሬዎቹ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ሳሙራዮችን ገድለው የገፈፉት የጦር ልብስ ይገኛል። ሳሙራዮቹ ደማቸው ይፈላል። የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳሙራይ ነኝ የሚለው ኪኩቺዮ (ቶሺሮ ሚፉኔ ነው የተጫወተው) ያን ጊዜ ይጮኻል፤ ገበሬ ውሸታምና ተንኮለኛ መሆኑን አምኖ፥ እንዲህ ያደረገው ግን ማን ነው ብሎ ፍርዱን በጌቶቹ ላይ ይመልሰዋል። የተከላካይና የተከለለ ዕዳ በዚህ በአንድ ንግግር ይገለበጣል።

ሲያልቅ ከሰባቱ አራቱ ሞተዋል። አራቱንም የገደላቸው ጥይት ነው፤ በጎራዴ የወደቀ የለም። የተረፉት ሦስቱ መቃብሩ ሥር ቆመው ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ሲተክሉ ያያሉ፤ ካምቤይም ያሸነፉት እነዚያ ናቸው፥ እኛ አይደለንም ይላል። ሆሊውድ ታሪኩን በ1960 «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብሎ ወደ ሜክሲኮ መንደር አዛወረው። ደስ የሚል ፊልም ነው፥ ዜማውም ከጆሮ አይጠፋም፤ ሦስቱ ቤቶች ግን የሉበትም።

የዴቪድ ሊን «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ» (1962) በረሃውን እንደ አንድ ሰው ያጫውታል ይባላል፤ እውነት ነው። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ የጋሲም ታሪክ ነው። ሎረንስ በረሃ ላይ የቀረውን ጋሲምን ሁሉም ተው እያሉት ተመልሶ ያድነዋል። በኋላ ጋሲም የሌላ ነገድ ሰው ይገድላል፤ ወገን ወገኑን ቢበቀል ነገዶቹ ደም ይቃባሉ፥ ዘመቻውም ይፈርሳል። ስለዚህ ነገድ የሌለው ሎረንስ ያዳነውን ሰው በገዛ እጁ ይገድለዋል። በኋላም መግደሉ ደስ እንዳሰኘው ይናዘዛል። አቃባ የተያዘችው በዚህ ዋጋ ነው።

«እንግዲያማ ዋጋ የተከፈለበት ሁሉ ኤፒክ ሊባል ነው?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። አይደለም። የዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) እጅግ ትልቅ ፊልም ነው፤ ኀዘኑ ግን በአባትና በልጅ መካከል ይቀራል፥ ሮም በነጋታው እንደ ነበረች ናት። በኤፒክ ውስጥ የሰውየው ውሳኔ ከቤቱ አልፎ ሕዝቡን ይነካል።

ሠራዊት ሳይኖር ይህ እንደሚቻል የራሳችን ሰው አሳይቶናል። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በ1974 የዘውዱ ሥርዓት ሲናጋ ነው፤ ፊልሙ በ1976 ወጣ። በጥቁርና ነጭ፥ በ16 ሚሊ ሜትር የተሠራ ነው፤ አንድ የገበሬ ቤተሰብ የባለመሬቱን መሬት ሲያርስ እናያለን። አዝጋሚ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ በሬ ጠምዶ የዋለ ሰው ግን ያን አዝጋሚነት ያውቀዋል። ይኸው ሰው በ1999 ስለ አድዋ የሠራው ዘጋቢ ፊልምም በአባቶች ትረካ፥ በሥዕልና በዘፈን የቆመ ነው።

ወደ ፊት የአድዋን ገድል በተዋናይ የሚሠራ ሰው ግን ከእህሉ ቢጀምር እመክራለሁ። የ1888 ዓ.ም. ክተት የታወጀው ከብቱን በሽታ፥ ሰዉን ረኃብ የፈጀው ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ሲሆነው ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት እስከ ትግራይ ሲወጣ ስንቁን ማን ፈጨ፥ ማን ተሸከመ? ሠራዊቱ ያረፈበት አገር ገበሬስ ጎተራው እንዴት ሆነ? ወደ የካቲት መጨረሻ ስንቁ እያለቀ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። በ«ሰባቱ ሳሙራይ» የሩዙ ሳህን የሠራውን ሥራ በእኛ ፊልም የሚሠራው ይህ ነው። ከድሉ በኋላም ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት የኤርትራ ተወላጆች፥ አስካሪዎቹ፥ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። ብዙ ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ ካሜራው ግን ሊያልፈው አይገባም። ስክሪፕቱን የሚጽፍ ጓደኛ ካለ፥ ከየካቲት 23 ይልቅ ከየካቲት 24 ቀን ጧት ቢጀምረው ደስ ይለኛል።