የሚሸመገልና የማይሸመገል

ልጄ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስህን ስታስጋልብ አይቼህ ደስ አለኝ። ልብህ ደግ ነው፤ ቸልተኝነትህ ግን ያሳስበኛል። ዘንገና መጥተህ ሐይቁን እያየን ስናወጋ፣ ጎረቤትህ ማታ ማታ ሚስቱን እንደሚመታ ነግረኸኝ «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለህ አለፍከው። እኔም ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝምታዬ እንቅልፍ ቢነሳኝ ይኸው ጻፍኩልህ።

1. ኡኡታ ስትሰማ ውጣ። ቤት ሲቃጠል፣ ሌባ ከብት ሲነዳ፣ እኛ አገር ዱላውን ይዞ የማይወጣ ጎረቤት የለም። ሴት ስትጮህ ግን «ገመናቸው ነው» ብሎ በሩን የሚዘጋው ብዙ ነው። ገመና ሰው ራሱ የሚሸፍነው ነው እንጂ ሌላው አፉን አፍኖ የሚያስቀረው አይደለም። ድረስ፣ ገላግል።

2. ድብደባን አትሸምግል። ይህን የምልህ ራሴ አጥፍቼ ስለማውቀው ነው። በጎልማሳነቴ፣ ጥርሷ ወልቆ አባቷ ቤት የገባችን ሴት ሦስት ሆነን ከባሏ አስታረቅን። ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ነጠላ ገዛላት፣ እኛም መርቀን ሸኘናት። በዓመቱ እጇ ተሰብሮ መጣች፤ ያኔም «ለልጆችሽ ስትይ» አልናት። ለሦስተኛው እኛ ዘንድ አልመጣችም፤ ልጆቿን ጥላ አገር ለቃ ሄደች። የእኛ እርቅ ለእሱ ፈቃድ ሆኖት ነበር። ድንበር የተጋፋ፣ ከብቱ የሰው ሰብል የበላበት ይሸምገል። ሚስትን መደብደብ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ለይቶ ያስቀመጠው ወንጀል ነው፤ በምርቃት አይሰረዝም።

3. ጠለፋን እንደ ጀብዱ የሚያወራልህን አታድምጥ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ ስለዚህ የሽማግሌው ሥራ ልጅቷን ማግባባት ሆኖ ኖረ። አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ አሰናበታት። ዛሬ የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ማግባቱም አያድነውም።

4. እህትህ 18 ሳይሞላት ማንም ቢጠይቃት እምቢ በል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። «ልጅነቷን ባሏ ቤት ትጨርሰዋለች» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስትጨርሰው ግን አላየሁም።

5. «እሷስ መች ከፋት» አትበለኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 63ቱ፣ ወጥ ማሳረርን ከመሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ከልጅነቷ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» ሲባል እየሰማች ያደገች ምን ትበል? አንተ ፈረስህን እንኳ በዱላ አልገራኸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 በሴት አካልና አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ልማድን ከልክሏል። ይህ መብት ሰው በመሆኗ የተሰጣት ነው፤ ባሏ ቆንጥሮ የሚሰጣት፣ ሲቆጣ የሚነፍጋት አይደለም።

አሁን ተነስና ያችን ጎረቤትህን ደህና መሆኗን ጠይቃት። ጤና ጣቢያ ወይም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ከፈለገች አብረሃት ሂድ። አስታርቅ ብለው ቢልኩብኝ አልመጣም፤ ለምስክርነት ከጠራኸኝ ግን በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።