«ራቁቷ ደሴት»፦ ቃል የሌለው ፊልም በቤት ውስጥ እንዴት ይታያል?

ፊልም ማየት እንደ መጽሐፍ ማንበብ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው ብንል ብዙው ተማሪ ይስቅብናል። ዓይን ያለው ሁሉ ያይ የለምን? ይለናል። ይሁን እንጂ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ቅኔ እንደማይፈታ ሁሉ፣ ዓይን ያለውም ሁሉ ያየውን አያስተውልም። ይህን ሐሳብ እንዲሁ በባዶ ሜዳ ከምንከራከርበት በአንድ ፊልም ላይ ልንፈትነው አስበናል። ፊልሙ የጃፓን ነው፤ ስሙም በአገሩ ቋንቋ «ሃዳካ ኖ ሺማ»፣ በእኛ አነጋገር «ራቁቷ ደሴት» ማለት ነው። የሠራው ካኔቶ ሺንዶ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1960 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በሚበልጠው ጊዜ ውስጥ ባለታሪኮቹ ይህ ነው የሚባል ንግግር አይነጋገሩም። በከተማችን እንደተለመደው ከፊልሙ ጎን በአማርኛ የሚተርክ ተርጓሚ ቢቀመጥለት ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ፊልም በሲኒማ ቤቶቻችን ስለማይገኝ የምናየው በቤት ውስጥ በዲስክ ነው፤ ሪሞቱም በእጃችን ነው። ጥያቄያችን ከዚሁ ይነሣል። ይህ ፊልም ጊዜን ራሱን ዕቃው አድርጎ የተሠራ ነው፤ ታዲያ ጊዜን እንዳሻን የምናስሮጥበት መሣሪያ በእጃችን ሳለ በእርግጥ ልናየው እንችላለንን?

ሠሪውና አሠራሩ

ካኔቶ ሺንዶ በ1912 በሂሮሺማ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ባለሀብት ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ሆኖ ያለውን ሁሉ አጣ። እናቱ በእርሻ ሥራ ስትደክም ኖራ እርሱ ገና ልጅ ሳለ ሞተች። ሺንዶ ወደ ሲኒማ የገባው በዝቅተኛው በር፣ ማለት የተቀረጸው ፊልም በሚታጠብበት ክፍል በመቀጠር ነው። ከዚያ ወደ መድረክ ሥራ፣ ቀጥሎም ወደ ጽሕፈት ተሸጋገረ፤ ከታላቁ ዲሬክተር ከኬንጂ ሚዞጉቺ ዘንድም ሙያውን ተማረ። በ1950 ከዲሬክተሩ ከኮዛቡሮ ዮሺሙራና ከተዋናዩ ከታይጂ ቶኖያማ ጋር ሆኖ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ነጻ የሆነ ማኅበር አቋቋመ። በ1952ም አቶሚክ ቦምብ ስላወደማት ከተማ «የሂሮሺማ ልጆች» የተባለውን ፊልም ሠራ።

ነጻነት ግን ዳቦ አይሆንም። በ1960 ማኅበሩ ከመዘጋት ደርሶ ስለነበር፣ ሺንዶ «ራቁቷ ደሴት»ን የመጨረሻ ሥራው አድርጎ አሰበው። ገንዘቡ አምስት ሚሊዮን የን ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም በዚያን ዘመን ለአንድ ፊልም ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። ተዋንያኑን ጨምሮ አሥራ ሦስት ያህል ሰዎች ይዞ በሴቶ የውስጥ ባሕር፣ በሚሃራ ከተማ አጠገብ ወዳለችው፣ ሰው ወደማይኖርባት ወደ ሱኩኔ ደሴት ሄደ። ባልየውን ቶኖያማ፣ ሚስቲቱን ኖቡኮ ኦቶዋ ሆነው ሠሩ። ፊልሙ በ1961 በሞስኮ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ከአንድ የሶቪዬት ፊልም ጋር ተካፈለ፤ ከ60 ለሚበልጡ አገሮችም ተሸጠ። ማኅበሩ ከመፍረስ ዳነ። ሺንዶም የመጨረሻ ፊልሙን በ98 ዓመቱ ሠርቶ በ2012 በ100 ዓመቱ አረፈ። በኋላ ሚስቱ የሆነችው ኦቶዋ በ1994 ስትሞት ከአስከሬኗ አመድ ከፊሉ የተበተነው በዚያችው በሱኩኔ ነው።

ታሪኩ

ታሪኩ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ባልና ሚስት ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ደሴቲቱ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዙሪያቸው ሁሉ ውሃ ነው፤ ነገር ግን ጨው ነው። ለመጠጥም ሆነ ለማሳቸው የሚሆነውን ውሃ ጎህ ሳይቀድ በጀልባ ቀዝፈው ከማዶው ደሴት ይቀዳሉ። ባልዲዎቹን በትከሻ በሚጋደም በትር ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው፣ አቀበቱን በዝግታ ወጥተው፣ በእያንዳንዱ ተክል ሥር ጥቂት ጥቂት ያፈሳሉ። የደረቀው አፈር ወዲያው ይጠጣዋል። ከዚያም እንደገና ይወርዳሉ። ወቅቶች ይፈራረቃሉ፤ ይዘራል፤ ይታጨዳል፤ የእህሉ ከረጢትም በጀልባ ተጭኖ ይወሰዳል።

አንድ ቀን ልጆቹ ትልቅ ዓሣ ያጠምዳሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ዓሣውን ለመሸጥ ወደ ኦኖሚቺ ከተማ ይሻገራል፤ ምግብ ቤት ገብተው ይበላሉ፤ በሱቅ መስኮት በኩል ቴሌቪዥን ያያሉ። ከዚህ በኋላ ታላቁ ልጅ ይታመማል። አባት ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል፤ ሐኪሙ ሲደርስ ግን ልጁ ሞቷል። መምህሩና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መጥተው ይቀብሩታል። በማግሥቱም ውሃ መቅዳት አለ።

ድግግሞሽ እንደ ሰዋስው

እንግዲህ አንድ ሰው «ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር» ቢል ትክክል ነው። ታሪኩ ያልቅ ነበር። ፊልሙ ግን ከታሪኩ ሌላ ነገር ነው። ይህንንም በሁለት ቦታዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው ቦታ ባልዲው የሚደፋበት ነው። ሚስቲቱ አቀበቱን ስትወጣ እግሯ ይከዳትና ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል። ባልየው ሸክሙን አስቀምጦ ይመጣና በጥፊ ይመታታል፤ እርስዋም ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ይህን ትርኢት ብቻውን ቆርጦ ያየ ሰው ባልየውን ጨካኝ ብሎ ያልፋል። እኛ ግን እስከዚያ ድረስ አቀበቱን ከእነርሱ ጋር ደጋግመን ወጥተናል። የበትሩን መለመጥ፣ የእግራቸውን ጥንቃቄ፣ የአንዲት ጭልፋ ውሃ ዋጋ አውቀናል። ስለዚህ ባልዲው ሲደፋ ከጥፊው በፊት የእኛ ልብ ይደነግጣል፤ ለአፍታም ቢሆን የተናደድነው በወደቀችው ሴት ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥፊው ሲያርፍ ደግሞ በዚያው ንዴታችን እናፍራለን። ዲሬክተሩ ድህነት ሰውን እርስ በርሱ ምን እንደሚያደርገው አልነገረንም፤ ለጥቂት ሴኮንድ እኛኑ በዚያ ቦታ አቆመን። ይህን ያደረገው በቃል አይደለም፤ አስቀድሞ በወሰደብን ደቂቃዎች ነው።

ሁለተኛው ቦታ መጨረሻው ነው። እናት ከቀብሩ በኋላ ውሃ ስታጠጣ ቆይታ በድንገት ባልዲውን ትገለብጣለች፤ ተክሉን እየነቀለች ትጥላለች፤ መሬት ላይ ተደፍታ ትጮኻለች። ባልየው ቆሞ ያያታል። አይቆጣም፤ አይመታም። ቀደም ሲል በስሕተት ስለፈሰሰ ውሃ እጁን ያነሣ ሰው፣ አሁን ሆን ተብሎ ስለፈሰሰው ውሃ ምንም አይልም። ዝም ብሎ ወደ ማጠጣቱ ይመለሳል። ጥቂት ቆይታ እርስዋም ትነሣና ታጠጣለች። ጭልፋው ያው ነው፤ አፈሩም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ውሃውን ወዲያው ይጠጣዋል። የሂካሩ ሃያሺ ሙዚቃም ከመጀመሪያ ጀምሮ የለመድነው ያው ዜማ ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዕውቀት ብቻ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ጓደኛችን ነገሩን ሲያስረዳ፣ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገርና በሁለተኛው ጊዜ ወርቁ ይወጣል አለ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘንም።

በቤት ውስጥ

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ቢሰለችም ይቀመጣል፤ መሰልቸቱም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ይሆናል። በቤት ያለ ሰው ግን ሁለተኛው ቅጂ ውሃ ገና ሳይጀመር ጣቱን ወደ ማሳለፊያው ይልካል። ያሳለፈው «ምንም ያልሆነበትን ቦታ» ይመስለዋል። በእርግጥ ግን የዘለለው ያንኑ ሸክም ነው። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ፊልሙ ሲጀመር ሪሞቱ ከእጅ ይራቅ፤ ስልክም እንዲሁ። መብራት መካከል ላይ ቢጠፋ፣ ሲመጣ ከቆመበት ሳይሆን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቢቻል ከጀልባው ጉዞ መጀመር ይሻላል።

2. ሥዕሉ በሰፊ ሸራ የተነሣ ስለሆነ ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በቴሌቪዥን ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይተዋል። ይህን ለመሙላት ብሎ ሥዕሉን ማስፋት ዳርና ዳሩን ይቆርጠዋል፤ ሰውዬውን ከባሕሩ ይለየዋል። ሺንዶ ትንሽ ሰው በትልቅ ባሕር መካከል ማሳየት የፈለገበት ድካም በዚህ ከንቱ ይሆናል።

3. ቃል የለም ማለት ድምፅ የለም ማለት አይደለም። መቅዘፊያው ሲንቋቋ፣ ውሃው ሲንሿሿ ይሰማል። ድምፁን ቀንሶ እያወሩ ማየት ከመጽሐፍ ገጽ እየገነጠሉ እንደማንበብ ነው።

4. ዲስክ ከሲኒማ ቤት የሚበልጥበት ነገር ሁለተኛው እይታ ነው። ያን ጊዜ ማቆሚያው ጠላት መሆኑ ይቀርና አስተማሪ ይሆናል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ማጠጣት ጎን ለጎን ማስተያየት የሚቻለው በዚህ ነው። በአንዳንድ እትሞች ላይ ሺንዶና ሃያሺ በፊልሙ ላይ የሚነጋገሩበት ድምፅም ተጨምሯል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ቃል የሌለውን ፊልም በቃል ስለሚሞላው ለመጨረሻ ይቆይ።

አንድ ተቃውሞ

ፊልሙን አብረውን ካዩት መካከል አንዳንዶቹ ብርቱ ተቃውሞ አንሥተዋል። «ገበሬውን አፉን ዘግታችሁ፣ ድካሙን በሙዚቃ አሳምራችሁ፣ ለጠገበ ሰው መደሰቻ አደረጋችሁት» የሚል ነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ፊልሙ በወጣበት በ1960 የጃፓን መንግሥት የሕዝቡን ገቢ በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ አደርጋለሁ ብሎ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ሺንዶ ግን ስለ ዕቅድም ሆነ ስለ ሕግ አንዳች አይናገርም፤ ያ ውሃ ለምን በቧንቧ እንደማይመጣም አይጠይቅም። ምክንያቱን የሚፈልግ ተማሪ ወደ ኢኮኖሚክስ መጻሕፍት መሄድ አለበት፤ ይህን አንክድም።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ድካምን ያሳምራል በሚለው አንስማማም። ጥፊውን ያልደበቀ፣ የእናቲቱን ጩኸት በዝምታው ሁሉ መካከል ያቆመ ሰው አሳመረ አይባልም። የሱቁን ቴሌቪዥንም እናስታውስ። መስኮቱ ውስጥ የምትደንሰውና ከመስኮቱ ውጭ ያሉት አራቱ ሰዎች በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ያለው መስተዋት ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት ንግግር አያስፈልግም።

ነገሩ እኛንም የሚነካ ነው። የአዲስ አበባ ተማሪዎች በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ወዲህ፣ በተማሪ ክርክር ላይ ስለ ገበሬው ያልተናገረ የለም። ከመካከላችን እናቱ ወይም እኅቱ እንስራ፣ ዛሬም ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ ያላየ ጥቂት ነው። ነገር ግን ማየታችን አብዛኛውን ጊዜ ከደጃፍ ቆሞ ነው፤ መንገዱን በሙሉ አልተከተልነውም። «ውሃ ቀድታ መጣች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሦስት ቃል ነው፤ ሥራው ግን ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ንግግራችን ይህን ግማሽ ቀን በሦስት ቃል እያሳለፈ ይሄዳል። ሪሞቱ በእጃችን ከመግባቱ በፊትም ማሳለፊያው በአፋችን ነበር ማለት ነው። «ራቁቷ ደሴት» የሚከለክለን ይህን ነው፤ ስለ ሰው ድካም ከመናገራችን በፊት በድካሙ ልክ እንድንቀመጥ ያስገድደናል።

ስለዚህ የሥነ ጥበብም ሆነ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ፊልም ቢያገኝ ብቻውን ሳይሆን ሦስት አራት ሆኖ እንዲያየው፣ እስኪያልቅም ዝም እንዲል፣ ሲያልቅ ግን እንዲከራከር እንጠይቃለን። ከላይ የጠቀስነው ተቃውሞ ገና አልተዘጋም፤ ከእኛ የሚለይ ሐሳብ ያለው ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢልክ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።