አንዲት ጣቢያ ስንት ሰከንድ ታስከፍላለች?

ተማሪዎች ሆይ፤ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲቆም የሚጠፋው ጊዜ መንገደኛ እስኪወርድና እስኪሳፈር ያለው ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሰከንድ 30 ሜትር የሚሮጥ ባቡር እናስብ። ለመቆም ሲል ፍጥነቱ ከ30 በየሰከንዱ አንድ አንድ እየቀነሰ ቢመጣ፣ 30 ሰከንድና 450 ሜትር ይፈጅበታል። ሲነሣ ግን ሸክሙ ከባድ፣ ጉልበቱም ውሱን ነውና በየሰከንዱ ግማሽ ብቻ ቢጨምር 60 ሰከንድና 900 ሜትር ያስፈልገዋል። ለመንገደኞች 40 ሰከንድ ስንጨምርበት ድምሩ 130 ሰከንድ ይሆናል። ያንኑ 1350 ሜትር ሳይቆም ቢያልፈው ኖሮ በ45 ሰከንድ ይጨርሰው ነበር። እንግዲህ አንዲት ጣቢያ 85 ሰከንድ አስከፈለች ማለት ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሳን ሆዜ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ካልትሬን የተባለው ባቡር ጧትና ማታ ሠራተኛ ያመላልሳል። በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበት ስለ ነበር፣ በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጥቂት ጣቢያዎች ብቻ የሚቆም «ቤቢ ቡሌት» የሚሉት ፈጣን ባቡር ተጀመረ፤ ጉዞውም ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ጣቢያ መዝለል ግን ብቻውን አይበቃም። በእኛ ስሌት፣ ፈጣኑ ከዘገምተኛው 10 ደቂቃ ዘግይቶ ቢነሣ ሰባት ጣቢያ እንደ ዘለለ ጭራው ላይ ይደርስበታል። ባቡር ደግሞ እንደ መኪና ዳር ይዞ አያሳልፍም። ስለዚህ በዚያ መስመር በሁለት ስፍራ ተጨማሪ ሐዲድ ተዘረጋ፤ ዘገምተኛው እዚያ ገለል ሲል ፈጣኑ ያልፋል።

የተዘለለችው ጣቢያ ሰዎችስ? 500 መንገደኞች ያሉበት ባቡር ለ10 ሰዎች ብቻ የሚቆምባትን ጣቢያ ቢያልፍ፣ 490ው በድምሩ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ያተርፋሉ። አሥሩ ቀጣዩን ባቡር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ የሚከስሩት 5 ሰዓት ነው። ሒሳቡ «እለፍ» ይላል። እኔ ግን ይህ ሒሳብ ብቻውን ይፍረድ አልልም፤ 85 ሰከንድ ያተረፈ ሰው ማትረፉንም አያውቀው፤ በዝናብ ግማሽ ሰዓት የቆመ ግን ያውቀዋል። በ2005 በዚሁ መስመር የፖል አቬኑ ጣቢያ ተዘጋ፤ በብሮድዌይና በአተርተንም ባቡር በሥራ ቀን መቆሙ ቀረ።

በ2024 መስመሩ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። የኤሌክትሪክ ባቡር ቶሎ ይነሣል። ባሰብነው ባቡር ላይ የመነሻውን ጭማሪ አንድ አንድ አድርጋችሁ ብትቆጥሩ የጣቢያዋ ዋጋ ከ85 ወደ 70 ሰከንድ ይወርዳል። በእርግጥም በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ከቀድሞው 20 ደቂቃ ያህል ቀድሞ መድረስ ጀመረ። የመሳፈሪያውን 40 ሰከንድ ግን ኤሌክትሪክ አይቀንሰውም፤ እርሱን የሚያሳጥረው ሰፊ በርና ከባቡሩ ወለል ጋር እኩል የሆነ መሳፈሪያ ነው።