የክረምት መንገድ ለማን እግር ነው?

ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ይህን በማታው ትምህርት ላይ ስንጠይቅ መልሱ አንድ አልሆነም። አንዱ ገበሬ «ጧት ተነስቶ ከቀትር በኋላ መግባት ነው» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «እኔ ልጅ አዝዬ በአንድ ቀን አልደርስም» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የይፋትን መንገድ ለናንተ ልናስተምር አይቃጣንም። እያንዳንዱን ዳገትና መልካ በስሙ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከናንተ የሰማነውንና ከመጽሐፍ ያገኘነውን አንድ ላይ ብንጽፈው ግን ክረምት ሲገባ ይጠቅማል ብለን ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ሲና ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት። በመኪናው መንገድ በሁለቱ መካከል 35 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ጤነኛ ጎልማሳ ሸክም ከሌለበት በደልዳላ መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 35 ለ5 ሲካፈል 7 ሰዓት ነው። ዳገቱስ? ከ130 ዓመት በፊት አንድ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት አለ፤ ለየ600 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ ይላል። የኛው ዳገት 1,400 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨመራል። ድምሩ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። ከጧቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ሳያርፍ ቢሄድ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ለጎልማሳ፣ ለባዶ እጅና ለደረቅ መንገድ ነው። ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ እኛ ግማሹን እንጨምርበታለን። ያን ጊዜ 14 ሰዓት ይሆናል። ከጧቱ 12 ተነስቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት መግባት፣ ያውም በጭቃና በጨለማ! እንዲህ ያለው መንገደኛ አርማኒያ ላይ ማደሩን ከቤቱ ሳይወጣ ያስብበት። አብረው ለሚሄዱ ሰዎችም ሒሳቡ የሚሠራው በደካማው እግር ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ቢሄድ ጥቅሙ ምንድን ነው? ዞሮ ይጠብቃል።

የስዊስ አገር እንደኛው ደጋ ተራራማ ነው። እዚያ የእግር መንገድ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ቢጫው ለማንም ሰው ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው እግሩ ለጸና ሰው ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ የተቀባው ደግሞ ገደል ለለመደ ብቻ ነው። አብዛኛው መንገደኛ የሚወጣው ለመዝናናት ነው ብለን ስንናገር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ከብት ሳይጠፋበት ዳገት የሚወጣ ሰው አለ?» አሉን።

እስቲ የኛን መንገድ በሐሳባችን ቀለም እንቀባው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃና ወደ ሰንበቴ የሚወስደው ሜዳ ቢጫ ይሁን። ወደ አርማኒያና ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው ቀይ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያወጣው አቋራጭና የወፍ ዋሻ ደን ውስጡ መንገድ ሰማያዊ ይባል። በበጋ ይህ ልክ ነው። ክረምት ግን ቀለሙን ይገለብጠዋል። ሕፃንም አሮጊትም የሚሄዱበት ሜዳ በወንዝ የተቆራረጠ ነውና።

ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው። በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከሮቢ ማዶ ላሉት ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ልናደርስ ወረድን። ሰማዩ ጠርቷል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ላሞቻቸውን አሻግረው የጨረሱ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» አሉን። «አባባ፣ ውሃ እኮ የለም» አልናቸው። በአገጫቸው ወደ ደጋው አመለከቱን፤ ጣርማ በር ጠቁሯል። ከመካከላችን አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ሊገባ ሲል በዱላቸው መንገዱን ዘጉበት። እውነቱን ለመናገር ተቀይመናቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ደፈረሰ። ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ። ከዚያ ከላይ የመኪና የመሰለ ድምፅ ሰማን። ግንድ የተሸከመ ደራሽ ቅድም ልንሻገር የነበረበትን ቦታ ሞላው። መጽሐፉን እንደታቀፍን ዝም አልን። እዚያው ሽማግሌው ቤት አደርን። ማዶ ያሉት ተማሪዎቻችን ፋኖስ አብርተው ሲጠብቁን እንደነበር በማግስቱ ሰማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ የሚወርደው ደጋው ላይ ነው። ተረተሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሳይሰርግ ይንደረደራል። ቆላው ፀሐይ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል፣ መሻገር ያለበት ሰው ጧት ይሻገር። ውሃው ሲደፈርስ፣ ጭራሮ ሲያመጣ ወይም ሲጮህ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃም ጎልማሳ ይጥላል። ድልድይ ካለ አንድ ሰዓት ዞሮም ቢሆን በድልድዩ መሄድ ይሻላል። ልጆችን ብቻቸውን ወደ መልካ አትላኩ።

የላይኛው መንገድ ጠላት ደግሞ ብርድ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሸዋ ሮቢት በ10 ዲግሪ የበለጠ ይቀዘቅዛል። በነጠላ ወጥቶ በዝናብ የራሰ ቆለኛ በጉም ውስጥ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን ትቶ ቃል ከተኮላተፈበት አደጋ ላይ ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት፤ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በስኳር ስጡት። አረቄ አትስጡት። አረቄ ቆዳን ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባገራችን ሳለ ያስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻም መጠለያ አይሆንም። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መኪና ይመላለስበታል። መብረቅ ሲበዛም ከተረተሩ ውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ከደጋ ለገበያ የምትወርዱ ሰዎች ደግሞ ቆላ ስታድሩ አጎበር አይለያችሁ። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ትኩሳቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ፣ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ይነሳል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ «ቆላ አድሬ ነበር» ማለትን አትርሱ።

አሁን ወደ እርሳሱ እንመለስ። ከቤት ስትወጡ ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለቤተሰብ ተዉ። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ሐሙስ ጧት ወጣሁ። ወደ ደብረ ሲና። በአርማኒያ በኩል። ከልጄ ጋር። ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ።» ሰው ቢዘገይ ፈላጊው በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ ያውቃል። በዚህ ገጽ ጀርባ የየራሳችሁን ጻፉ። ነገ ማታ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን።