አንድ ስም፥ ብዙ መኰንኖች

የስዊድንን የጦር ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ካርል አውጉስት ኤረንስቬርድ ከሚባል መኰንን ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ሰውየው በ1789 የጦር መርከቦችን ሲያዝ ይታያል፤ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሌላ መጽሐፍ ቢገልጥ በ1907 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ፥ በ1948 ደግሞ የምድር ጦር ዋና አዛዥ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረ ሰው የለም፤ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ለእኛ ነገሩ ግራ የሚያጋባው በስም አጠራራችን ምክንያት ነው። በአገራችን የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ የከበደ አበበ ልጅ ከበደን እንጂ አበበን በአባት ስምነት አይዝም። በስዊድን መኳንንት ዘንድ ግን ንጉሥ ከማዕርግ ጋር የሰጠው ስም ሳይለወጥ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በ1717 ሼፈር የተባለ የመድፈኛ መኰንን ወደ መኳንንት ማዕርግ ከፍ ሲል ኤረንስቬርድ የሚለውን ስም ያዘ፤ ትርጉሙም የክብር ሰይፍ ማለት ነው።

የዚህ ሰው ልጅ አውጉስቲን (1710–1772) እንደ አባቱ መድፈኛ ነበር። ስዊድን ከ1741 እስከ 1743 በተደረገው ጦርነት በሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ፥ በ1748 በሄልሲንኪ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ላይ ስቬአቦርግ የተባለውን ታላቅ ምሽግ መሥራት ጀመረ። በ1756 ደግሞ በደሴቶች መካከል በጥልቀት አልባ ውሃ የሚቀዝፉ መርከቦች ተደራጅተው ከባሕር ኃይሉ ተለይተው በምድር ጦር ሥር ሲሆኑ፥ አዛዣቸው እርሱ ሆነ። ስለዚህ የምድር ጦር ሰው የመርከብ አዛዥ ሆኖ ብናገኘው ስሕተት አይደለም።

የመጀመሪያው ካርል አውጉስት (1745–1800) የአውጉስቲን ልጅ ነው። አባቱ ያቋቋመውን የመርከብ ክፍል እየመራ ነሐሴ 24 ቀን 1789 በስቬንስክሱንድ ከሩሲያ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ አዛዥነቱንም ለቀቀ። በዓመቱ በዚያው ሥፍራ በንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ መሪነት ስዊድን ድል አደረገች። እንግዲህ ልጅ ስምንና መርከብን ሊወርስ ይችላል፤ ድልን ግን አይወርስም። ዛሬ ይህ ሰው ከጦር ሥራው ይልቅ በሥዕሉና ስለ ኢጣልያ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ይታወሳል።

ሁለተኛው ካርል አውጉስት (1858–1944) ከዚሁ ቤተሰብ የተገኘ አድሚራልና ሚኒስትር ነው። ከልጆቹ አንዱ ዮስታ ምክትል አድሚራል ሆነ። ሌላው፥ ማለት ሦስተኛው ካርል አውጉስት (1892–1974)፥ የባሕር ኃይል ከተማ በሆነችው በካርልስክሮና ቢወለድም ምድር ጦርን መርጦ ጄኔራል ሆነ፤ ከ1948 እስከ 1957 የምድር ጦሩን መራ።

ታዲያ መኰንንነት በአንድ ቤት ውስጥ ለምን ይህን ያህል ቆየ? በ18ኛው መቶ ዓመት ለከፍተኛ ሹመት የመኳንንት ልጅ ቅድሚያ ነበረው። ሹመት የሚፈልግም ለሚለቀው መኰንን ገንዘብ ይከፍል ስለ ነበር ድኻ በቀላሉ አይገባበትም። በ1792 የካርልቤርግ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የ1809 ሕገ መንግሥትም ሹመት በአገልግሎትና በችሎታ እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ በሩን ለሌሎች ከፈተ እንጂ ልጅ በአባቱ ቤት የሚያየውንና የሚማረውን አላስቀረም። ስለዚህ ስሙ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘለቀ።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1935 ጀምሮ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ኢትዮጵያውያን እጩ መኰንኖችን ያሠለጠኑትን ስዊድናውያን የመራው ቪኪንግ ታም የምድር ጦር ሰው ነበር። ከ1939 እስከ 1945 የስዊድን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ደግሞ ፋቢያን ታም ነው። «ታም» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ መቼ ተወለደ? በየትኛው ጦር አገለገለ? እርሱ ራሱ ምን ሠራ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰውየውን ከስመ ሞክሼው ይለዩልናል። ሦስተኛው ግን ከአባቱ ዝናም ከአባቱ ጥፋትም ለይተን በገዛ ሥራው እንድንመዝነው ያደርገናል።