የሠራተኛ ድካምና የሥራ ላይ አደጋ

በፋብሪካ ውስጥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በመዝገብ የሚጻፈው ምክንያት «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ነው። ይህ ቃል ምርመራውን ይዘጋል እንጂ የሚመጣውን አደጋ አያስቀርም፤ ሠራተኛው ጥንቃቄ ያጎደለበት ምክንያት ገና አልተጠየቀምና። ጥንቃቄ ከሰው ፈቃድ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በሰውነቱና በአእምሮው ሁኔታ የሚበረታና የሚደክም ነው።

አንደኛው ምክንያት የሰውነት ነው። የሰው ሰውነት በቀንና በሌሊት መፈራረቅ የሚመራ ሥርዓት አለው፤ ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱም ንቃቱም ዝቅ ይላል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ቀን ቢተኛም እንቅልፉ አጭርና የተቆራረጠ ስለሚሆን ድካሙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በአውስትራሊያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይኑና የእጁ ቅንጅት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል። የሰከረን ሰው በማሽን ላይ የሚያሰማራ አስተዋይ አሠሪ የለም፤ ሳይተኛ የመጣው ግን ትጉህ ተብሎ ይመሰገናል።

ሁለተኛው ምክንያት የአእምሮ ነው። የብሪታንያው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች የአንድን ሰዓት ዘንግ ለ2 ሰዓት እየተመለከቱ አልፎ አልፎ የሚያደርገውን እጥፍ ዝላይ እንዲለዩ አድርጎ ነበር። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ሳያዩ የሚያሳልፉት ጨመረ። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሥራ ትኩረትን የሚያዳክመው በሰነፍ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ የደከመ ሰው የድካሙን ልክ በትክክል መመዘን ይሳነዋል፤ ስለዚህ «አልደከመኝም» ማለቱ በቂ ዋስትና አይሆንም።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከጧቱ 2 ሰዓት ሥራ የጀመረ ሰው፣ የ1 ሰዓት የምሳ ዕረፍት ወስዶ 4 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ፣ የሚወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ከነቃ 16 ሰዓት ሆኖታል፤ ሕጉን ሳይተላለፍ ወደ ሰውነቱ ወሰን ደርሷል ማለት ነው።

ስለዚህ አሠሪ አደገኛውን ሥራ በንቃት ሰዓት ማሠራት፣ መቆጣጠሪያ የሚመለከቱትን ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ ማፈራረቅ፣ ደክሞኛል ያለውንም ደመወዙን ሳይቀንስ ማሳረፍ ይገባዋል። በአደጋ መዝገቡም ላይ ሠራተኛው ስንት ሰዓት እንደሠራና መቼ እንደተኛ ይጻፍ። የተሰበረ ማሽን በመለዋወጫ ይጠገናል፤ ለተቆረጠ እጅ ግን መለዋወጫ አይገዛም።