ባሩዱ ተለውጦ መለኪያው ሲቀር፦ በሾትጋን ጥይት ላይ የሚታተመው «የድራም አቻ» አነባበብ

በአሜሪካ በተሠሩ የሾትጋን ጥይቶች ማሸጊያ ላይ «3 – 1⅛ – 8» የሚል የቁጥሮች ተርታ ይገኛል። የኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ለመረዳት አያስቸግሩም። 1⅛ የእርሳስ ፍሬዎቹ ጠቅላላ ክብደት በኦንስ ሲሆን፣ ወደ 32 ግራም ይደርሳል፤ 8 ደግሞ የአንዷን ፍሬ መጠን የሚያመለክት መለያ ነው። የመጀመሪያው 3 ግን በጥይቱ ውስጥ የሚገኝ የማናቸውም ነገር ልክ አይደለም። ይህ ቁጥር «የድራም አቻ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የድራም አቻ የፍጥነት ማነጻጸሪያ እንጂ የባሩድ ልክም ሆነ የግፊት መግለጫ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

የቁጥሩ አመጣጥ

ድራም የክብደት መለኪያ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የዘወትር የንግድ ሚዛን አንድ ድራም የኦንስ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም 1.77 ግራም ያህል ነው። የጥንት መድኃኒት ቀማሚዎች ድራም ከዚህ በእጥፍ ይበልጥ ስለሚከብድ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። በጥቁር ባሩድ ዘመን ባሩዱ በድራም፣ እርሳሱ በኦንስ እየተለካ ይሞላ ነበር። ስለሆነም «3 ድራም» ማለት 5.3 ግራም ገደማ ባሩድ ማለት ነበር፤ ቁጥሩና ነገሩ አልተለያዩም።

ይህን አንድነት ያፈረሰው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፕሩሲያ የመድፍ መኮንን የነበረው ሹልትዘ በኬሚካል ከታከመ እንጨት ለአደን ጠመንጃ የሚሆን ባሩድ አዘጋጀ። በ1887 ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ባሊስታይት ለተባለው ባሩድ የፈጠራ መብት አወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ጭስ አልባ ባሩዶች አንዳንዶቹ ከጥቁሩ ጋር ተመሳሳይ ስፍራ እንዲይዙ ተደርገው ስለተሠሩ በቀድሞው መስፈሪያ ሊሰፈሩ ይችሉ ነበር። እንደ ባሊስታይት ያሉት እምቅ ባሩዶች ግን ያንኑ ሥራ የሚሠሩት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ገዢው በልምድ የሚያውቀው ድራምን በመሆኑ፣ አምራቾች «ይህ ጥይት ሦስት ድራም ጥቁር ባሩድ የሚሰጠውን ፍጥነት ይሰጣል» የሚል ፍች ያለው ቁጥር ማተም ያዙ። ሁኔታው ከሞተር «የፈረስ ጉልበት» ጋር ይመሳሰላል፤ በሞተሩ ውስጥ ፈረስ እንደሌለ ሁሉ፣ በጥይቱም ውስጥ ሦስት ድራም ባሩድ የለም።

ቁጥሩ የሚናገረው

የድራም አቻ ትርጉም የሚኖረው ከእርሳሱ ክብደት ጋር ሲነበብ ብቻ ነው። በአሜሪካ ኢንዱስትሪ የተለመደው ሠንጠረዥ ለባለ 12 ጌጅ ጥይት የሚከተለውን ያሳያል። 1⅛ ኦንስ እርሳስ በ2¾ ድራም አቻ በሰከንድ 1145 ጫማ፣ በ3 ድራም አቻ 1200 ጫማ፣ በ3¼ ድራም አቻ 1255 ጫማ ይጓዛል፤ ይህም በቅደም ተከተል 349፣ 366 እና 383 ሜትር ገደማ ነው። እርሳሱ ወደ 1¼ ኦንስ ሲጨምር ግን ያው 3¼ የሚያመለክተው 1220 ጫማ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ጥይቶች አንድ ዓይነት የድራም አቻ ስላላቸው እኩል ይፈጥናሉ ማለት አይቻልም።

ሦስት የንባብ ስሕተቶች

አንደኛውና አደገኛው ስሕተት ቁጥሩን እንደ ባሩድ ልክ መውሰድ ነው። በዘመናዊ ባለ 12 ጌጅ ጥይት ውስጥ ያለው እምቅ ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሩ ልክ ሩብ ገደማ ነው። ባዶ ቀለህ መልሶ የሚሞላ ሰው «3 ድራም» የሚለውን አምኖ እምቅ ባሩድ በዚያ ክብደት ቢጨምር፣ ጠመንጃው በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩን የግፊት ዋስትና አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሰጡ ሁለት ባሩዶች እንደ አቃጠላቸው ፍጥነት የተለያየ ከፍተኛ ግፊት ሊፈጥሩ ይችላሉ። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን አጣምሮና ቀጥቅጦ በማያያዝ የተሠራ የደማስቆ አፈሙዝ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ቀድሞ ሦስት ድራም ጥቁር ባሩድ ችሎ ስለነበር ብቻ፣ «3 ድራም አቻ» የሚል ዘመናዊ ጥይት ይችላል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት ስሌቱን ከእርሳስ ውጪ ለተሠሩ ፍሬዎች መጠቀም ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የውኃ አዕዋፍን በእርሳስ ማደንን በመላ አገሪቱ ስትከለክል የአረብ ብረት ፍሬ ተስፋፋ። ይህ ብረት ከእርሳስ ስለሚቀልል በጥቁር ባሩድና በእርሳስ ላይ የተመሠረተው ንጽጽር አይስማማውም፤ ስለዚህ አምራቾች ፍጥነቱን በቀጥታ በሰከንድ በጫማ ያትማሉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ የተነሣ የአደን መዛግብትን፣ የአምራቾችን ካታሎግ ወይም የሙዚየም ስብስብን የሚያጠና ተመራማሪ «3 ድራም» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመው ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማጣራት ይገባዋል፦ ጥይቱ የተሠራበትን ዘመንና የባሩዱን ዓይነት፣ ጽሑፉ ልክን ወይስ አቻን እንደሚያመለክት፣ እንዲሁም የእርሳሱን ክብደት። እነዚህ ሳይታወቁ ድራምን ወደ ግራም ለውጦ መመዝገብ በጥይቱ ውስጥ ያልነበረን ባሩድ እንደነበረ አድርጎ መጻፍ ይሆናል። ጠመንጃውን ለመተኮስ ለሚያስብ ሰው ደግሞ መታየት ያለበት የድራም ቁጥር ሳይሆን፣ ጠመንጃው እንዲችል የተፈተነበት ግፊትና የጥይት ማጉረሻው ርዝመት ነው።